አሁን አፍንጫውን ማን ይዞታል? ስለ ፊት ጎማና ስለ ረደር ለጀማሪ አብራሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ከጥናት ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ እግር ነው።

ሰው ስለ አብራሪ ሲያስብ ቶሎ የሚታየው እጅ ነው። ዮክ፣ ማለትም እንደ መኪና መሪ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ፣ የጨበጠ እጅ፣ ጋዝ የሚገፋ እጅ። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪን ሲያስቸግር ያየሁት ግን እግር ነው። እጅ ቶሎ ይለምዳል። እግር ይዘገያል። ከሁሉም የሚዘገየው ደግሞ መኪና የለመደ እግር ነው።

የመጀመሪያ ቀናችሁን አስታውሱ። ሞተሩ ተነስቷል፤ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ማኮብኮብ ጀምሯል። ቢጫው መስመር ወደ ግራ ይታጠፋል። ተማሪው ዮኩን ወደ ግራ ያዞራል። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተማሪው ጨመር አድርጎ ያዞራል። አውሮፕላኑ አሁንም ቀጥ ብሎ ወደ ሣሩ ያመራል። በዚህ ሁሉ መሃል የተንቀሳቀሱት ኤይለሮኖች ብቻ ናቸው፤ ክንፍ ላይ ያሉት፣ አየር ላይ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት ክፍሎች ማለት ነው። በሰው እርምጃ ፍጥነት ደግሞ ኤይለሮን አውሮፕላን አያዞርም። መሪው ያለው ከእግር ሥር ነው።

ይሄ ስንፍና አይደለም። እጁ ለዓመታት መሪ ይዞ ኖሯል። ሰው ሲጨንቀው የሚሮጠው ወደለመደው ነው። ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ቀን ግራ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡ እላለሁ። አሥር ደቂቃ በእግር ብቻ ስታኮበኩቡ ነገሩ ይገባችኋል። ነፋስ ካለ ግን ዮኩ ሥራ አለው። ነፋሱ ከፊት በጎን ሲመጣ ዮኩን ወደ ነፋሱ ታዞራላችሁ። ከኋላ ሲመጣ ከነፋሱ ታሸሹታላችሁ፤ ትንሽም ወደ ፊት ትገፉታላችሁ። ያ የሚደረገው ክንፉ እንዳይነሳ ነው፤ አቅጣጫ ለመያዝ አይደለም።

አሁን ወደ ፔዳሉ እንምጣ። የግራውን ስትገፉ የፊት ጎማው ወደ ግራ ይዞራል። በዚያው እንቅስቃሴ ረደሩ፣ ማለትም ጅራቱ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው ክፍል፣ ወደ ግራ ይታጠፋል። የፔዳሉን የላይኛውን ጫፍ በእግራችሁ ፊት ከተጫናችሁት ደግሞ የዚያ ጎን የዋናው ጎማ ፍሬን ይይዛል፤ ዋና ጎማ የምንለው ከኋላ ግራና ቀኝ ካሉት ከሁለቱ አንዱን ነው። አንድ ፔዳል፣ ሦስት ሥራ።

ጎማውና ረደሩ አንድ ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ ባሕርያቸው ግን ለየቅል ነው። ጎማው የሚሠራው መሬት ሲነካና ክብደት ሲያርፍበት ነው። ረደሩ የሚሠራው አየር ሲመታው ነው። አንዱ ሲበረታ ሌላው ይደክማል። በአንድ በረራ ውስጥ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይረካከባሉ። ስንነሳ ጎማው ለረደሩ ያስረክባል፤ ስናርፍ ረደሩ ለጎማው ይመልሳል። ተማሪዎች ማኮብኮቢያው ላይ ሲወዛወዙ ልብ ብዬ አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በዚህ ርክክብ ሰዓት ነው። አብራሪው በዚያች ሰከንድ ሥራው በማን እጅ እንዳለ አያውቅም።

ለዚህ ነው አንድ ጥያቄ ደጋግሜ የምጠይቀው። አሁን አፍንጫውን ማን ይዞታል? ጎማው ነው? ረደሩ ነው? ፍሬኑ ነው? ወይስ ማንም አልያዘውም?

መልሱ እንደ አውሮፕላኑ ይለያያል። ሴስና 172ን እንውሰድ። ከ1956 ጀምሮ ለገበያ የቀረበ ነው፤ በዓለም ላይ ከእሱ በላይ በብዛት የተመረተ አውሮፕላን የለም። በፔዳሉና በፊት ጎማው መካከል ሞላ ያለው ማያያዣ አለ። ፔዳሉን ስትገፉ ትእዛዙ በሞላው በኩል ነው ጎማው ጋ የሚደርሰው። ስለዚህ መሪው ለስለስ ይላል፤ ትንሽም ዘግየት ይላል። ጎማው በፔዳል ብቻ ወደ እያንዳንዱ ጎን 10 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ጠበብ አድርጋችሁ ለመዞር የዚያን ጎን ፍሬን ነካ ታደርጋላችሁ፤ ያኔ እስከ 30 ዲግሪ ይሄዳል። የቆመ አውሮፕላን ላይ ፔዳል እየረገጣችሁ አትታገሉ። መጀመሪያ ይንከባለል፣ ከዚያ ይዞራል።

አውሮፕላኑ ከመሬት ሲለቅ ሌላ ነገር ይመጣል። ስትራት የምንለው የፊት ጎማው እግር ክብደቱ ሲነሳለት ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ሲዘረጋ ውስጡ ያለ ካም የሚባል መቆለፊያ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይቆልፈዋል። አየር ላይ ፔዳል ስትገፉ ረደሩ ይታጠፋል፤ ጎማው ግን ቀጥ እንዳለ ይቆያል። ይሄ ትልቅ ውለታ ነው። እግራችሁ የትም ይሁን የት፣ ጎማው መሬት የሚነካው ቀጥ ብሎ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስትራቱ ከልክ በላይ ከተነፋ መሬት ላይም እንደተዘረጋ ይቀራል። ያኔ መሪው እምቢ ይላል። ሴስናችሁ አልዞር ካለ ከፔዳሉ በፊት ስትራቱን እዩ።

ፓይፐር ፒኤ-28፣ ማለትም ቼሮኪና ዋሪየር የምንላቸው፣ ሌላ አስተሳሰብ ነው። ፔዳሉና ጎማው በዘንግ በቀጥታ ተያይዘዋል። ፔዳሉን ነካ ስታደርጉ ጎማው ወዲያው ይታዘዛል። ለማኮብኮብ በጣም ደስ ይላል። ግን የሚቆልፈው ካም የለም። አየር ላይም ረደሩ በታጠፈ ቁጥር ጎማው አብሮ ይዞራል። ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ዓይነት ነጻ ጎማ ነው። ሲረስ ኤስአር 20፣ ዳይመንድ ዲኤ 40፣ የድሮው ግሩማን ታይገር እንዲህ ናቸው። የፊት ጎማው ከፔዳሉ ጋር አልተያያዘም። እንደ ቢሮ ወንበር ጎማ ወደተገፋበት ይዞራል። ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ የምትመሩት በአንድ ጎን ፍሬን ነው። ፍጥነት ሲመጣ ረደሩ ይረከባል። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ የሚበላሽ ነገር ትንሽ ነው። ዕዳው ግን ፍሬኑ ላይ ነው። ጋዙን ከፍ አድርጎ፣ ፍሬኑን ተጭኖ ረጅም መንገድ የሚያኮበኩብ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል። የጋለ ፍሬን ይደክማል፤ ሲብስ እሳት ያስነሳል። የደረሰበት አለ። ጋዙን ዝቅ አድርጉ። ፍሬኑን ነካ፣ ለቀቅ።

አሁን ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ነን። ልንነሳ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር በጭንቅላታችሁ ያዙ። የረደር ጉልበት ከፍጥነት ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ60 ኖት (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ያለውን የረደር ጉልበት አንድ ሙሉ እንበለው። በ30 ኖት ሩብ ብቻ ነው። በ15 ኖት አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ የሚወረውረው አየር ጅራቱን ስለሚመታው ሙሉ ጋዝ ላይ ትንሽ ትደጎማላችሁ። ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አፍንጫውን የያዘው በዋናነት ጎማው ነው። ስለዚህ ያኔ እርምጃችሁ ትንሽ ይሁን። ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ በጎማው ያደረጋችሁት ትንሽ ንክኪ ትልቅ ይሆናል፤ ረደሩም እየነቃ ይመጣል።

በዚያው ሰዓት ሞተሩ ወደ ጎን እየጎተታችሁ ነው። ላይካሚንግና ኮንቲኔንታል ሞተር ባላቸው የመለማመጃ አውሮፕላኖች ላይ ፕሮፔለሩ ከአብራሪው ወንበር ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል። ሙሉ ጋዝ ስትሰጡ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። የፕሮፔለሩ አየር በአውሮፕላኑ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ሄዶ ጅራቱን ከግራ በኩል ይመታዋል። የሞተሩ የመልስ ግፊት የግራውን ጎማ መሬት ላይ ይጫነዋል። አፍንጫው ቀና ሲል ደግሞ በቀኝ በኩል የሚወርደው የፕሮፔለር ምላጭ በግራ ከሚወጣው የበለጠ ይስባል። ለዚህ ነው ኢንስትራክተር ሁሉ «ቀኝ እግር! ቀኝ እግር!» እያለ የሚጮኸው።

እኔ ግን «ቀኝ እግር» ብላችሁ እንድትሸመድዱት አልፈልግም። በድሮው ደ ሃቪላንድ ቺፕመንክ ላይ ፕሮፔለሩ በተቃራኒው ይዞራል። እዚያ የሚፈለገው ግራ እግር ነው። ዓይናችሁን ማኮብኮቢያው መጨረሻ ላይ ትከሉ። መስመሩ ሲሸሽ እግራችሁ ይከተለው። እግር መታዘዝ ያለበት ለዓይን ነው።

172 ላይ 55 ኖት አካባቢ ዮኩን ወደ ኋላ ስትስቡ የፊት ጎማው ይነሳል። እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ጎማው መሬቱን ይዞ ወደ ግራ የሚጎትተውን ኃይል ከፊሉን ተሸክሞላችሁ ነበር። አሁን ለቀቀ። ሸክሙ በሙሉ ረደሩ ላይ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት ቀኝ እግራችሁ ካልጨመረ አፍንጫው ወደ ግራ ዞር ይላል። ብዙ ተማሪ «ነፋስ መታኝ» ይለኛል። ነፋስ አይደለም። ርክክቡ ነው። ጎማው ሥራውን ሲያስረክብ ተቀባይ አልነበረም።

ማረፍ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከመነሳትም ይከብዳል። ምክንያቱን እዩት። ስናርፍ ጋዙ ተዘግቷል። ረደሩን የሚደጉመው የፕሮፔለር አየር የለም። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ስታርፉ ያላችሁ ረደር ስትነሱ ከነበራችሁ የደከመ ነው። ፍጥነቱ ደግሞ በየሰከንዱ ይወርዳል። ረደሩ እየሞተ ነው፤ ጎማው ገና ሥራ አልጀመረም። በመሃል አንድ ጠባብ ጊዜ አለ።

በዚያ ጠባብ ጊዜ ውስጥ የሆንኩትን ልንገራችሁ። 30 ሰዓት ያህል በርሬ ነበር። ሁሉም በሴስና። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓይፐር ተሰጠኝ። ነፋሱ ከግራ ጎን ይመጣል፤ ከባድ አልነበረም። እንደተማርኩት የግራውን ክንፍ ዝቅ አደረግኩ፤ አፍንጫው መስመሩን እንዲይዝ ቀኝ ፔዳሉን ገፋሁ። ጥሩ እየሄደ ነበር። የግራው ጎማ ነካ፣ ቀኙ ተከተለ። ደስ አለኝ። ያረፍኩ መሰለኝ። ዮኩን ላላ አደረግኩትና አፍንጫው ዱብ አለ።

ቀኝ እግሬ አሁንም ፔዳሉን እንደገፋ ነው። ሴስና ቢሆን ጎማው ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር፤ ሞላውም ፋታ ይሰጠኝ ነበር። ፓይፐሩ ግን ጎማውን ወደ ቀኝ እንዳዞረ መሬት ላይ ተከለው። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ተወረወረ። ደንግጬ ግራውን ረገጥኩ፤ ወደ ግራ ተወረወረ። እንደገና ወደ ቀኝ። ሦስተኛው ላይ ኢንስትራክተሬ ተቆጣጠረው። የማኮብኮቢያው ጠርዝ ጋ ቆምን። ምንም አልተሰበረም። እግሬ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኢንስትራክተሬ አልተቆጣም። ሞተሩ እንደበራ ዝም አለና «ጎማው ሲነካ አፍንጫውን ማን ይዞት ነበር?» አለኝ። «ረደሩ» አልኩት። «ረደሩ መያዝ ያቆመው ጎማው ሲነካ ነው። አንተ አሁንም ረደር የምትገፋ መስሎህ ነበር፤ የገፋኸው ግን መሪ ነው» አለኝ። ያንን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። ዛሬ ለእናንተ ያመጣሁትም እሱን ነው።

እና እንዴት ነው የሚደረገው? ዋናዎቹ ጎማዎች ሲነኩ በረራው አላለቀም። ዮኩን ወደ ኋላ እንደሳባችሁ ቆዩ። አፍንጫው በራሱ ጊዜ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ ቀስ ብሎ ይውረድ። ኤይለሮኑን ደግሞ ወደ ነፋሱ እየጨመራችሁ ሂዱ፤ ምክንያቱም ፍጥነት ሲቀንስ እሱም ይደክማል። ፓይፐር ከሆነ የፊት ጎማው ሊነካ ሲል ፔዳሉን ወደ መሃል መልሱት። በጣም ቀድማችሁ ከመለሳችሁት ነፋሱ አፍንጫውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ከዘገያችሁ የእኔ ነገር ይደርስባችኋል። ሰዓቱን በንግግር ማስተማር አልችልም፤ በእግር ነው የሚገኘው። አንድ ነገር ግን ይረዳል። አፍንጫውን ቀስ ብላችሁ ባወረዳችሁት መጠን ጎማው የሚነካበትን ሰዓት የምትመርጡት እናንተ ትሆናላችሁ። ዱብ ካላችሁት የሚመርጠው እሱ ነው።

መመሪያ መጽሐፋችሁ ውስጥ የጎን ነፋስ ቁጥር አለ። ለሴስና 172 በብዙዎቹ ሞዴሎች 15 ኖት ይላል። ለዋሪየር 17 ኖት ይላል። ይሄ ቁጥር አውሮፕላኑ ሲፈተን በተግባር የታየ ነው፤ የሙከራ አብራሪ ነው ያሳየው። ለናንተ ፈቃድ አድርጋችሁ አትውሰዱት። የራሳችሁን ቁጥር ከኢንስትራክተራችሁ ጋር አስቀምጡ፤ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ያለ ይሁን።

አፍንጫውን አቆዩት ስል ሌላም ምክንያት አለኝ። የፊት ጎማ ደካማ ነው። ሴስና ላይ ስትራቱ የታሰረው ፋየርዎሉ ላይ ነው፤ ሞተሩን ከእናንተ የሚለየው ግድግዳ ማለት ነው። አፍንጫዋን ቀድማ የምታርፍ አውሮፕላን ያንን ግድግዳ ታጨማድደዋለች። ከውጭ ላይታይ ይችላል። አንዴ ነጥሮ፣ ዮክ ተገፍቶ፣ እንደገና ነጥሮ እንደ ፈረስ መጋለብ ሲጀምር ደግሞ ከሦስተኛው ንጥሪያ በፊት ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ተመልሳችሁ ወደ አየር ውጡ። እልህ አትጋቡ።

የፊት ጎማ ሲበዛ የሚመጣ ችግርም አለ። በፍጥነት የምታርፍ አውሮፕላን ገና መብረር ትፈልጋለች። ተማሪው በግድ ላስቀምጣት ብሎ ዮኩን ወደ ፊት ይገፋል። ክብደቱ ወደ ፊት ጎማው ይሄዳል። ዋናዎቹ ጎማዎች ይቀላሉ። አንድ ጎማ ያላትን የእጅ ጋሪ ስትገፉ እንደሚሆነው፣ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ብቻ ይንከባለላል። ፍሬን ብትይዙ የሚይዝ ነገር የለም፤ ጎማዎቹ ላይ ክብደት የለምና። ጅራቱን የጎን ነፋስ ሲመታው አውሮፕላኑ በፊት ጎማው ላይ ይሽከረከራል። በዚህ ሰዓት አፍንጫውን ጎማው ይዞታል፤ ጅራቱን ግን የያዘው የለም። ስትነሱም ይሄው ይደርሳል፤ ፍጥነት ላጠራቅም ብላችሁ ዮኩን ገፍታችሁ መሬት ላይ ስታቆዩት። መፍትሔው አንድ ነው፤ ዮኩን መልሱት። የሚሻለው ደግሞ ከመጀመሪያው በትክክለኛው ፍጥነት መምጣት ነው።

እንግዲህ ባለ ፊት ጎማ አውሮፕላን ይቅር ባይ መሆኑንም ልናገርለት። የክብደቱ መሃል ያለው ከዋናዎቹ ጎማዎች ፊት ነው። ትንሽ ጠመም ብላችሁ ብታርፉ ክብደቱ ራሱ ወደ ፊት ጎትቶ ያቃናችኋል። በባለ ጅራት ጎማ ላይ የክብደቱ መሃል ከኋላ ነው። እዚያ ትንሽ ጥመት ራሱን እያሳደገ ይሄዳል፤ ካልያዛችሁት ዞሮ ፊቱን ወደ መጣበት ይመልሳል። በባለ ጅራት ጎማ የተማረ ሰው እግሩ ንቁ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዕድሉን ካገኛችሁ ጥቂት ሰዓት ሞክሩት።

አንድ መሐንዲስ ይሄን ይቅር ባይነት ይዞ እስከ መጨረሻው ሄዷል። ፍሬድ ዊክ ይባላል። 1940 ላይ ለገበያ የቀረበው ኤርኩፕ የተባለው የእሱ አውሮፕላን ፔዳል አልነበረውም። ዮኩ ኤይለሮኖቹን፣ ሁለቱን ረደሮችና የፊት ጎማውን አንድ ላይ ያዝዛል። እንደ መኪና ማለት ነው። በጎን ነፋስ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ እንዳዞረ ያርፋል፤ ጎማዎቹ ሲነኩ ራሱ ይቃናል። ሥራውን አከብረዋለሁ። ግን ረደርን ለብቻ ማዘዝ የማይችል አብራሪ አንዳንድ በር ይዘጋበታል። ከፍታ ለመጣል አውሮፕላኑን በጎን ማንሸራተት አይችልም፤ አፍንጫውንም ከክንፉ ለይቶ ማስተካከል አይችልም።

የራይት ወንድማማቾችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በ1901 ግላይደራቸው፣ ማለትም ሞተር አልባ አውሮፕላናቸው፣ ክንፉን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉት አፍንጫው ወደ ተቃራኒው ይሸሽ ነበር። በ1902 የማይንቀሳቀስ ጅራት ጨመሩ፤ አልበቃም። ከዚያ ጅራቱን ተንቀሳቃሽ አደረጉትና ከክንፉ መቆጣጠሪያ ጋር አያያዙት። በ1905 ደግሞ ለዩት፤ ረደሩ የራሱን መቆጣጠሪያ አገኘ። እንግዲህ የሰው ልጅ ረደርን ለብቻው የያዘው ሞክሮ፣ ወድቆ፣ አስቦበት ነው።

ያ የሸሸ አፍንጫ ዛሬም አብሮን ነው። ወደ ግራ ስትዞሩ የቀኙ ኤይለሮን ወደ ታች ይታጠፋል። ያ ክንፍ ተጨማሪ ከፍታ ኃይል ያገኛል፤ ከኃይሉ ጋር ግን ተጨማሪ ጎታች ይመጣል። ጎታቹ አፍንጫውን ወደ ቀኝ ይስበዋል፤ እናንተ ግራ ስትፈልጉ። እግራችሁ ያስፈለገው እዚህ ነው። ኤይለሮንና ረደር አብረው ይሂዱ። ፊታችሁ ካሉት መሣሪያዎች በአንዱ ውስጥ ወደ ጎን የምትንሸራተተው ኳስ ትነግራችኋለች፤ ኳሷ ወደሄደችበት ጎን ያለውን ፔዳል ግፉ።

ጎማው አየር ላይ ሥራ የለውም፤ ሁሉም ነገር በረደሩ ነው። ለዚህ ነው በአየር ላይ የሚሠራ የእግር ስህተት ከመሬቱ የሚብሰው። በተለይ የመጨረሻውን ዙር ወደ ማኮብኮቢያው ስትዞሩ። መስመሩን አልፋችሁት ሄዳችኋል እንበል። ዝቅ ብላችኋል፤ ክንፉን በጣም ማዘንበል ፈራችሁ። ከዚያ እግር «ልርዳ» ይልና በረደር አፍንጫውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ክንፉ ይበልጥ ሊያዘነብል ሲል በኤይለሮን ትከለክሉታላችሁ። አፍንጫው ሲወድቅ ዮኩን ትስባላችሁ። የውስጠኛው ክንፍ ቀድሞ ስቶል ያደርጋል፣ ማለትም የሚያነሳውን ኃይል ያጣል፤ አውሮፕላኑ ወደ ስፒን ይገባል፣ እየተሽከረከረ ይወድቃል ማለት ነው። በዚያ ከፍታ ከስፒን መውጫ ቦታ የለም። በጣም የምለምናችሁ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። መስመሩን ካለፋችሁት በእግር አትመልሱት። ጋዝ ሰጥታችሁ ውጡ፤ ዞራችሁ ኑ።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበልና ወደ ጥያቄ እንሂድ። ስታርፉ የፊት ጎማው በኃይል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያ ሺሚ ነው። ዮኩን ወደ ኋላ ስባችሁ ክብደቱን ቀንሱለት፤ ከዚያ ለመካኒኩ ንገሩ። ሺሚ ዳምፐሩ፣ ማለትም ንቅጥቃጤውን የሚያበርደው ዕቃ፣ ፈሳሽ ጎድሎት ይሆናል፤ ቡሾቹ፣ ማለትም መገጣጠሚያው ላይ ያሉት ቀለበቶች፣ ተበልተው ይሆናል፤ ጎማው ሚዛን አጥቶም ይሆናል። አውሮፕላኑን በእጅ ስትጎትቱ የፊት ጎማውን ከገደቡ በላይ አታዙሩት። ረደሩ በመቆለፊያ ታስሮ እያለ ደግሞ ጭራሽ አትጎትቱ። ያን ቀን የሰበራችሁትን ማቆሚያ፣ ረደሩ ከገደቡ እንዳያልፍ የሚያግደውን፣ ሌላ ሰው አየር ላይ ነው የሚያገኘው።

ማቆሚያ ስል ቃሉን በከንቱ አይደለም የምጠቀመው። በ1998 ካናዳ ውስጥ አንድ ሴስና 152 ስፒን ሲለማመድ ተከሰከሰ። መርማሪዎቹ ረደሩ ከማቆሚያው አልፎ ወደ ግራ ተቆልፎ አገኙት። በ2009 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በሴስና 150 እና 152 ላይ ስለ ረደር ማቆሚያው አስገዳጅ መመሪያ አወጣ። እንግዲህ ከበረራ በፊት ጅራቱ ጋ ስትደርሱ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ተንበርከኩ። የረደሩን ማቆሚያ ቡሎኖች በዓይናችሁ እዩ፤ ኬብሉ የታሰረበትን እዩ።

ሁለት ጥያቄ ነበር፤ ሁለቱንም እዚህ እጽፈዋለሁ።

አንዲት ተማሪ ቁመቷ አጭር መሆኑን ነግራኝ «ፔዳሉ ጫፍ ድረስ አይደርስልኝም፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ከጀርባሽ ወፍራም ትራስ አድርጊ፤ ከሥርሽም ካስፈለገ። ከዚያ ሞተር ሳታስነሺ ፈትሺው። የሴስና መሪ ቆሞ ስለማይዞር ረደሩ እስከ መጨረሻው መሄዱን የምታረጋግጪው ስትንከባለዪ ነው፤ እግርሽ ግን ወደ ሁለቱም ጎን ጫፍ እንደሚደርስ ቆመሽም ታውቂዋለሽ። ጫፍ ላይ ሆነሽ ፍሬኑንም መጫን መቻል አለብሽ። ወንበሩ መቆለፉን ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርገሽ አረጋግጪ። ስትነሺ ወንበሩ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ እግርሽ ፔዳሉን ይለቃል፤ እጅሽ ደግሞ ዮኩን ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ በዳይመንድ ላይ ከጀመረ ተማሪ ነው። «ወደ ሴስና ልቀይር ነው፤ ምን ይለወጥብኛል?» አለ። እግርህ ፍሬን መፈለግ ለምዷል። ሴስና ላይ ሳታውቀው ፍሬን እየያዝክ ትነሳለህ። ስለዚህ ተረከዝህን ወለሉ ላይ አሳርፍ፤ የእግርህ ፊት የፔዳሉን የታችኛውን ክፍል ብቻ ይንካ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ለመዞር ፍሬን አትንካ። ሰፊ ቦታ ላይ ሂድና በፔዳል ብቻ ወደ ግራ ዙር፣ ወደ ቀኝ ዙር። ሞላው ምን ያህል እንደሚዘገይ እግርህ ሲያውቅ፣ ያኔ ማኮብኮቢያው ላይ ውጣ።